የከፋ ኬላዎችና የዛሬው የደን መንገድ

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚሄድ መንገደኛ የጎጀብን ወንዝ በድልድይ ይሻገራል። መኪናው ሳይቆም ያልፋል፤ ከተሳፋሪዎቹም መካከል ቀና ብሎ ወንዙን የሚያየው ጥቂት ነው። ከ1897 በፊት ግን በዚህ ወገን መጥቶ ከፋ የሚገባ ሰው እንዲህ በቀላሉ አያልፍም ነበር። ሰው የማይሰፍርበት ጠፍ መሬት፣ ከዚያም ጥልቅ ጉድባ፣ በጉድባውም መተላለፊያ ላይ ኬላ ይጠብቀው ነበር። ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣና ምን እንደ ያዘ ይጠየቃል፤ ወሬውም ወደ ውስጥ ተልኮ ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ ከበሩ ውጭ ይቆያል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው፣ ዛሬ እንግዶች ለመናፈስ በእግር የሚሄዱበት የከፋ ደን የራሱ የሆነ የመንገድ ታሪክ ያለው መሆኑን፣ የዚህም ታሪክ ጠባቂዎች የነበሩት ሰዎች በዛሬው የጉብኝት ሥራ ውስጥ ቦታቸው ጠፍቶ መገኘቱን ነው። አብዛኞቹ ምንጮቻችን የውጭ አገር መንገደኞች የጻፏቸው ስለ ሆኑ፣ ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድርገነዋል።

የከፋ መንግሥት በአገሩ ትውፊት መሠረት ከ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የቆየ ነው ይባላል። ንጉሡ «ታቶ» ይባሉ ነበር፤ ዋና ዋና መቀመጫዎቻቸውም ቦንጋና አንደራቻ ነበሩ። በሰሜን በኩል ሊሙ፣ ጌራ፣ ጎማ፣ ጉማና ጅማ የተባሉት የጊቤ መንግሥታት፣ በምሥራቅ ደግሞ ዳውሮ ይገኙ ነበር። እነዚህ መንግሥታት ሁሉ ድንበራቸውን የሚጠብቁበት ዘዴ ተመሳሳይ ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል ማንም የማያርሰው ጠፍ መሬት ይተዋል፤ ከጠፉ መሬት ወዲህ ጉድባ ይቆፈራል ወይም አጥር ይታጠራል፤ መንገዱ በሚያልፍበትም ላይ ኬላ ይቆማል። የዳውሮው ንጉሥ ሃላላ ያሠሩት የድንጋይ ግንብ እስከ ዛሬ ይታያል፤ በቅርብ ዓመታት በአካባቢው የተሠራው የእንግዶች ማረፊያም «ሃላላ ኬላ» ተብሎ በስሙ ተሰይሟል። ዳሩ ግን የዳውሮው ድንጋይ ስለ ሆነ ጐብኚ ያየዋል፤ የከፋው አፈር ስለ ሆነ ዛፍ በቅሎበት ተሰውሮአል። አገራችን ለድንጋይ ሐውልት እንጂ ለተቆፈረ መሬት ዓይን የላትም ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ኬላው ምን ያህል የጠበቀ እንደ ነበረ ለመረዳት የመንገደኞቹን ዕጣ ማየት ይበቃል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 ቦንጋ ለመድረስ የቻለው ብቻውን ሄዶ አይደለም፤ የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከከፋ ቤተ መንግሥት ሙሽራ ለማምጣት የላኩትን አጃቢ ተከትሎ ነው። በቦንጋም የቆየው 11 ቀን ብቻ ነበር። በአገራችን አቡነ ማስያስ እየተባሉ የሚታወቁት የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ጉሊየልሞ ማሳያ በ1859 ገብተው በ1861 ተባረሩ። ኢጣልያውያኑ አንቶንዮ ቼኪና ጆቫኒ ኪያሪኒ ደግሞ ከፋን ለማየት እንደ ጓጉ በጎረቤት አገር በጌራ ተይዘው ቀሩ፤ ኪያሪኒ በ1879 እዚያው ሞተ። እንግዲህ አንዱ በሠርግ፣ አንዱ በስብከት፣ ሌላው በምርምር ስም በሩን ሲያንኳኳ፣ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በአገሩ ሰዎች ፈቃድ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በ1897 አበቃ። የአፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዛዥነት ከፋን ወጋ፤ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለብዙ ወራት በጫካ ለጫካ ሲሸሹ ከቆዩ በኋላ በዚያው ዓመት በመስከረም ተያዙ። እስረኛው ንጉሥ ጎጀብን ሲሻገሩ የወርቅ ቀለበታቸውን ከወንዙ ጣሉት፣ የከፋ ነገሥታትም ፍጻሜ ይኸው ነው አሉ እየተባለ ይተረካል። ነገሩ ይሁንም አይሁንም፣ ትረካው የመረጠው ቦታ መግቢያውን በር መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ንጉሡ በ1919 በግዞት እንዳሉ ሞቱ፤ አገራቸውንም ዳግመኛ አላዩም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር አብሮ የተጓዘው የሩስያ መኰንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች በዚያ አለፈ። ቀድሞ ሕዝብ የበዛበት አገር ባዶ ሆኖ፣ እርሻው በአረም ተውጦ፣ በአንደራቻም ዙሪያ የሰው አጥንት ተበትኖ ማየቱን ጽፎአል። በጦርነቱ፣ በረሀብና በባሪያ ንግድ ምክንያት ከፋ የቀድሞውን ያህል ሕዝብ ለማግኘት ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል። ሰው የለቀቀውን እርሻ በዚያ አገር ዝናብ ማን እንደሚወርሰው ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ዛሬ አስጎብኚዎች «የሰው እጅ ያልነካው ደን» እያሉ በሚያሳዩን ቦታ ሁሉ ላይ ይህን ቃል አምነን ለመቀበል ያዳግተናል። ከዛፎቹ ከፊሎቹ የበቀሉት በሰው ጓሮ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሰው እያለ የተጠበቀውም ደን ቢሆን ባለቤት ያልነበረው አይደለም። ከፊቾዎች ኮቦ በሚሉት ልማድ አንድ ቤተሰብ በጫካው ውስጥ ቀፎ የሚሰቅልበትና የዱር ቡና የሚለቅምበት የራሱ ድርሻ አለው። የመሥዋዕትና የጸሎት ስፍራ ሆነው ዛፋቸው የማይቈረጥ ቦታዎችም አሉ። በ1996 በቦንጋ ደን መንግሥትና የአካባቢው ነዋሪዎች ደኑን በጋራ የሚያስተዳድሩበት አሠራር ሲጀመር፣ አዲስ ነገር መስሎ ቢታይም ግማሹ አሮጌ ልማድ ነበር። በ2010 ዩኔስኮ ከፋን በባዮስፌር ክልልነት መዝግቦታል። ይህ ዓይነቱ ክልል ነዋሪውን የማያስወጣ ነው፤ ጥብቅ የሆነው ደን መካከል ላይ፣ ቡናና ማር የሚገኝበት ዙሪያውን፣ እርሻውና መንደሩ ከዚያ ውጭ ሆኖ ይከፈላል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ግን የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ከቀዬአቸው ተነሥተው፣ የመንገደኞቹ ድንኳን ከሚተከልበት ሜዳ አጠገብ የነበረው መንደር ባዶ ቀርቶአል። በከፋ የተመረጠው መንገድ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። ቢሆንም ሰውን ሳያስወጡም መርሳት እንደሚቻል ራሳችን አይተናል።

ጉዳዩን በቦታው ለማየት ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ሦስት ሆነን ወደ ቦንጋ ወርደን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብስክሌት ተከራይተን በዉሽዉሽ በኩል ወጣን። ኢትዮጵያ በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትካፈል ብስክሌተኞችዋ በቡድን ዘጠነኛ መውጣታቸውን፣ ገረመው ደንቦባም ለብቻው 24ኛ መሆኑን እያነሣን እንፎክር ነበር። አስፋልቱ ላይ እስካለን ድረስ ፉከራችን አልከፋም። ወደ ደኑ የሚገባውን የእግር መንገድ እንደ ጀመርን ግን ቀዩ ጭቃ በጎማውና በሹካው መካከል እየተጠቀጠቀ መንኰራኵሩ መዞር አቆመ። ብስክሌቱን ተሸክመን ስንመለስ ያየን የአገሩ ሕፃናት ሳቅ እስከ ከተማው ተከተለን። በዝናብ ወራት የከፋ ደን በእግር እንጂ በሌላ የሚታይ አለመሆኑን በትከሻችን ተምረናል።

በማግስቱ ከከተማው አንድ መንገድ መሪ ይዘን ወደ ጎጀብ በሚወርደው ወገን በእግር ሄድን። ወጣቱ መሪያችን የወፎቹንና የዛፎቹን ስም አሳምሮ ያውቃል፤ ጌተም ሲያብብ ነጭ ማር እንደሚገኝ፣ ጉሬዛ በየትኛው ዛፍ እንደሚያድር አስረዳን። ስለ ጉድባው ስንጠይቀው ግን ሰምቶ እንጂ አይቶ እንደማያውቅ ነገረን። መንገዱ ለሁለት በተከፈለበት ቦታ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘን። መሪያችን በከፍኛ ጠየቃቸው፤ ከዚያም ወደ እኛ ዞሮ፣ «ያውቀዋል። ማንጆ ነው» አለን።

ማንጆዎች በከፋ በአደን፣ በእንጨትና በከሰል ሥራ የሚተዳደሩ፣ ሌላው ሕዝብ ሲንቃቸውና ሲያርቃቸው የኖረ ወገኖች ናቸው። አብሮአቸው መብላትና መጋባት ነውር ሆኖ ቆይቶአል፤ ለዚህም ምክንያት ተብሎ የሚነገረው የአውሬ ሥጋ መብላታቸው ነው። ነገር ግን በ1905ና በ1909 ከፋን የጐበኘው ኦስትርያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር፣ በ1920ና በ1923 ባሳተመው ሁለት ክፍል መጽሐፍ፣ የመንግሥቱን ኬላዎች ይጠብቁ የነበሩት እነዚሁ ማንጆዎች እንደ ሆኑ አስረድቶአል። የራሳቸው አለቃም ነበራቸው። እንግዲህ በቤቱ ጓዳ የማያስገባቸው አገር የአገሩን በር አደራ ሰጥቶአቸው ኖረ ማለት ነው። በ1897 ኬላው ሲፈርስ አደራው ቀረና ንቀቱ ብቻ ተረፈ።

ሽማግሌው እንጨታቸውን ከመንገድ ዳር አስቀምጠው ፊት ፊት ሄዱልን። መሪያችን «አንተ» ይላቸዋል፤ እኛ «አባባ» አልን። ከአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ ጉድባውን አሳዩን። ባያሳዩን ኖሮ ተራ ሸለቆ መስሎን እናልፈው ነበር። ወርደን ስንቆም ዳርቻው ከራሳችን በላይ ሆነ፤ ከወለሉ ላይ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ዛፍ በቅሎአል። ጉድባው በሚቋረጥበት ስፍራ ሽማግሌው ቆሙና፣ በሩ እዚህ ነበር፣ ጠባቂዎቹም በዚያ ጉብታ ላይ ያድሩ ነበር፣ የአባቴ አባት ከእነሱ አንዱ ነው ሲሉ በመሪያችን አፍ ነገሩን። ከዚያም አንድ ነገር ጠየቁ። መሪያችን ስቆ ካልተረጐመልን በኋላ ደጋግመን ስንጠይቀው፣ «ማን ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ፣ ምን ትፈልጋላችሁ ነው የሚለው» አለን። ስማችንንና የመጣንበትን አንድ በአንድ ነገርናቸው።

ስንመለስ በመንገዳችን ያለ አንድ ቤት ቡና ጋበዘን። እኛ ከውስጥ ገብተን በስኒ ጠጣን። ሽማግሌው ከደጅ ቀሩ፤ የቀረበላቸውም ቈሎ በእንሰት ቅጠል ነበር። ቤቱን ያስተናገደንን ሰው ለመንቀፍ አንጽፈውም፤ ከእሱ ይልቅ ሦስት የተማርን ነን ባዮች ነገሩን እያየን ስኒያችንን እስከ ሦስተኛው ጠጥተን መውጣታችን ነው የሚያሳፍረው። ማታም የቀኑን ክፍያ ለመሪያችን ቈጥረን ሰጠን፤ ለሽማግሌው ግን ከኪሳችን የተገኘውን ጥቂት ብር በእጃቸው አደረግን። ይህ ስሕተት የመሪው አይደለም፣ የእኛ ነው። ጉድባውን ያገኘልን ማን እንደ ሆነ እያወቅን፣ የሚከፈለው ሰው ማን መሆን እንዳለበት ግን አላሰብንም ነበር።

ቦንጋ በ2021 የተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ርእሰ ከተማ ከሆነች ወዲህ የእንግዳው ቊጥር እንደሚጨምር ይጠበቃል። በደኑ ውስጥ የእግር መንገዶች ተለይተዋል፤ የእግዜር ድልድይ የሚባለውን፣ የባርታን ፏፏቴና የማንኪራን የዱር ቡና የሚያሳዩ መሪዎችም አሉ። ኬላና ጉድባ የሚያሳይ መንገድ ግን እኛ አላገኘንም። ጉድባዎቹ ተለክተው በካርታ ላይ ቢሰፍሩ፣ ከቀድሞዎቹ መንገዶች ጥቂቶቹ ከኬላ እስከ ኬላ ለእግረኛ ቢከፈቱ፣ ማንጆዎችም በዚያ መንገድ ላይ ሥራቸው ተመዝግቦ እንደ ማንኛውም መሪ ተከፋይ ቢሆኑ፣ ለታሪክ ተማሪውም ለደኑም ይበጃል። ልኬታውን ለመጀመር ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ እኛ እንኳ ባየነው ስፍራ ጉድባውን ተከትለን 340 እርምጃ ቈጥረን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ቁጥቋጦ ስለ በዛብን ተመልሰናል። ሽማግሌው ግን ጉድባው በዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ እስከ ወንዙ እንደሚወርድ፣ ዝናቡ ሲያባራ ብንመለስ ሊያሳዩን እንደሚችሉ ነግረውናል። በጥር ለመሄድ ተነጋግረናል።