በውሃ መካከል የቆመው ደወል ቤት

ደወል የሚሰቀለው ሰውን ለመጥራት ነው። የሚጠራው ሕዝብ ከስፍራው ከተነሣ በኋላ ግን ደወል ቤቱ ምን ሁኖ ይቀራል? ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ የሚሆን አንድ ግንብ፥ ኢጣልያ ከኦስትርያና ከስዊስ ጋራ በምትዋሰንበት በአልፕስ ተራራ ውስጥ ይገኛል። አገሩን ነዋሪዎቹ ግራውን፥ ኢጣልያኖች ኩሮን ይሉታል። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የግራውን ሰው በቋንቋው ጀርመንኛ ተናጋሪ፥ በሥራው ገበሬና ከብት አርቢ ነው። አገሩ የኦስትርያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሲሆን ኖሮ፥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 ዓ.ም. በሳን ዠርሜን ውል ለኢጣልያ ተሰጠ። በመንደሩም ውስጥ በቅድስት ካትሪና ስም የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ደወል ቤቱ የተሠራው በ14ኛው መቶ ዓመት ነው። ከዚያ ጀምሮ ስንት ትውልድ በድምፁ ለጸሎት ተሰብስቦ፥ በድምፁም ወደ መቃብር ተሸኝቷል።

በሸለቆው ውስጥ ከጥንት የነበሩ ሐይቆች ነበሩና፥ ሁለቱን በግድብ አንድ አድርጎ የኤሌክትሪክ ኃይል ለማውጣት ታሰበ። በመጀመሪያ ውሃው 5 ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ነበር የታቀደው፤ በኋላ ግን በፋሺስት መንግሥት ጊዜ 22 ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። ይህም መንደሩን የሚያሰጥም ነው። ማስታወቂያው የተለጠፈ በኢጣልያንኛ ስለ ሆነ፥ ከገበሬዎቹ የሚበዙት አንብበው ሊረዱት አልቻሉም። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ቄሳቸው አልፍሬድ ሪፐር ሮማ ድረስ ሄደው ለሊቀ ጳጳሱ ለፒዮስ 12ኛ አቤቱታ አቀረቡ። አቤቱታው ግን ሥራውን አላስቀረውም። ፋሺስቱ ከወደቀ በኋላም ግድቡ ቀጠለ።

በሐምሌ ወር 1950 ዓ.ም. ደወሎቹ ከግንቡ ወረዱ፤ ጥቂት ቀን ቈይቶም ቤተ ክርስቲያኑ በፈንጂ ፈረሰ። በግራውንና በአጠገቡ ባለው በሬሸን 163 ቤትና 523 ሄክታር መሬት በውሃ ተሸፈነ። ለመሬቱ የተሰጠው ካሣ ጥቂት ነበርና፥ ብዙው ቤተሰብ ከነከብቱ አገሩን ለቆ ሄደ፤ የቀረውም ከፍ ባለው ስፍራ አዲስ መንደር ሠራ።

ግንቡ ብቻ አልፈረሰም፤ ስለ ጥንታዊነቱ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነበርና። እነሆ፥ ድንጋዩን ከጥፋት ያዳነ ሕግ ተገኘ፤ በድንጋዩ ጥላ ሥር የሚኖረውን ሰው የሚያድን ግን አልተገኘም።

ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ግንቡን በሐይቁ ላይ ብቻውን ቆሞ ያየዋል። በብርድ ወራት ውሃው ሲረጋ ሰው በበረዶው ላይ በእግሩ ሄዶ ይደርስበታል። በ2009 ዓ.ም. ግንቡ ታደሰ፤ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ጥገና ሥራ ሐይቁ በጐደለ ጊዜ፥ የቤቶቹ መሠረትና ደረጃ ከ70 ዓመት በኋላ ለዓይን ታየ። ደወሎቹ ከወረዱ ብዙ ዘመን ቢሆንም፥ በብርድ ወራት ድምፃቸው ከሐይቁ ይሰማል ብለው የአገሩ ሰዎች ይተርካሉ።

ጐብኚው ሁሉ የግንቡን ውበት አድንቆ ይመለሳል። በቅኔ ቤት ግን ሰሙን ብቻ ይዞ የወጣ ተማሪ ገና አልተማረም ይባላል። የዚህ ግንብ ሰሙ ውበቱ ነው፤ ወርቁ ግን በውሃው ሥር ያለው ርስት ነው። የኤሌክትሪክ ብርሃን ለብዙ ሕዝብ የሚጠቅም መልካም ነገር መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በፈለገ ጊዜ በደሉ አትክልት መውደዱ አልነበረም፤ የባለ ርስቱን እንቢታ እንደ ኢምንት መቍጠሩ ነበር። ስለዚህ ለብዙዎች ጥቅም የጥቂቶችን መሬት የሚወስድ ሁሉ፥ አስቀድሞ በሚገባቸው ቋንቋ ይንገራቸው፤ ቃላቸውንም ይስማ፤ የሚገባቸውንም ሳያጐድል ይክፈላቸው። ይህ ሳይደረግ ከቀረ፥ ደወል የሌለው ግንብ እንኳ ምስክር ሁኖ ይቆማል።