ከሌላ ኮምፒውተር የመጣ ፋይል «ለማንበብ ብቻ» ሲል ምን ይደረጋል?

ከጎንደር የመጡ የቤተሰብ ፎቶዎች፣ የሽማግሌዎች ታሪክ የተቀዳበት ድምፅ፣ በአማርኛ የተጻፈ የዘር ሐረግ ዛሬ በብዙ ቤት በአሮጌ ኮምፒውተር፣ በሲዲና በዲስክ ኦን ኪ ተቀምጠዋል። በጋን ያቭኔም ሆነ በገዴራ ወይም በቂርያት ማላኪ፣ ልጆች አዲስ ኮምፒውተር ሲገዙ ይህ ሁሉ ወደ አዲሱ ይዛወራል። ከዚያ ፋይሉ ይከፈታል፤ ስም ለማረም ወይም ቀን ለመጨመር ሲሞከር ግን ኮምፒውተሩ «ሊክሪአ ቢልቫድ» ይላል፤ ለማንበብ ብቻ ማለት ነው።

ይህ መልእክት ፋይሉ ጠፋ ማለት አይደለም። የተዘጋው መጻፊያው ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር አይደምስሱ። ኮምፒውተሩ ዲስኩን «ፎርማት» ላድርገው ብሎ ቢጠይቅም እሺ አይበሉ፤ ፎርማት በውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል።

ቀላሉ መንገድ

ጽሑፉን ከፍተው «ሽሚራ በሼም» በሚለው በኩል በሌላ ስም በኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጡት። አዲሱ ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ይታረማል። ካልሆነ ምክንያቱን መፈለግ ነው።

ፋይሉ ራሱ ምልክት ሲኖረው

ሲዲ አንዴ ተቀድቶ ከተዘጋ ሊጻፍበት አይችልም። ከእሱ የተገለበጠ ፋይልም፣ በተለይ በቆዩ ኮምፒውተሮች፣ ያንኑ ምልክት ይዞ ሊመጣ ይችላል። በዊንዶውስ ምልክቱ የሚነሳው እንዲህ ነው፦

1. በፋይሉ ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ይጫኑ።
2. ከሚወጣው ዝርዝር «ሜአፍየኒም» የሚለውን ይምረጡ።
3. «ሊክሪአ ቢልቫድ» አጠገብ ያለውን ምልክት ያንሱና «ኢሹር» ይጫኑ።

ሲዲው ላይ እንዳለ ግን አይሠራም፤ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ መገልበጥ አለበት።

በኢሜይል የመጣ ጽሑፍ

ዎርድ በኢሜይል ወይም ከኢንተርኔት የመጣን ጽሑፍ ከቫይረስ ለመጠበቅ ሲል ዘግቶ ይከፍታል፤ ከላይ ቢጫ መስመር ይታያል። በመስመሩ ላይ ያለውን ቁልፍ መጫን ማረሚያውን ይከፍታል። ላኪውን የማያውቁት ከሆነ ግን አይጫኑ።

ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ዲስክ

አዲሱ ዊንዶውስ ፋይሎቹን የቀድሞው ተጠቃሚ ንብረት አድርጎ ይቆጥራቸውና ፈቃድ የለዎትም ሊል ይችላል። «ሄምሼኽ» የሚል ቁልፍ ከመጣ ተጭነው ይጠብቁ፤ ብዙ ፎቶ ካለ ጊዜ ይወስዳል። የኮምፒውተሩን ዋና የይለፍ ቃል ከጠየቀ ኮምፒውተሩን ያዘጋጀው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አጠገብ ቢኖር ይረዳል።

ዲስክ ኦን ኪና የካሜራ ካርድ

ብዙ የካሜራ ካርድ በጎኑ ትንሽ መቆለፊያ አለው፤ ወደታች ከወረደ ካርዱ ይዘጋል፣ ወደላይ ሲገፋ ይከፈታል። አንዳንድ ዲስክ ኦን ኪም ተመሳሳይ መቆለፊያ አለው። መቆለፊያ የሌለውና እስከ ትናንት ይጻፍበት የነበረ ዲስክ ኦን ኪ በድንገት አልጻፍም ካለ፣ እያረጀ ሊሆን ይችላል። በውስጡ ያለውን በዚያው ቀን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ።

ከዊንዶውስ ወደ ማክ

በዊንዶውስ የተዘጋጁ ብዙ የውጭ ዲስኮች ማክ ላይ ይነበባሉ እንጂ አይጻፍባቸውም። ፋይሉን ወደ ማኩ ራሱ ገልብጦ እዚያ ማረም ይበቃል።

ዋናውን ሳይነኩ ማቆየት

ቁልፍ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። ዳግም የማይነሳ ፎቶና የሞቱ ወላጆች ድምፅ ያለበት ዋናው ፋይል እንደተዘጋ ቢቀመጥ፣ በስህተት ከመነካካት ይተርፋል። እርማቱ በቅጂው ላይ ይሠራ፤ ዋናው ደግሞ ቢያንስ ሁለት ቦታ፣ አንዱ ቤት ሌላው ልጅ ዘንድ፣ ይቀመጥ።