ያለ ቀጠሮ የሚከፈት የወህኒ በር

አንባቢ ሆይ፤ ሰውን ማሠቃየት ክልክል ነው ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1948 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ባወጣው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ፥ በ5ኛው አንቀጽ ይህንኑ ጽፎአል። ነገር ግን ግርፋት የሚፈጸመው በአደባባይ ሳይሆን በተዘጋ ክፍል ስለ ሆነ፥ የተጻፈው ቃል ወደዚያ የሚገባበት እግር አልነበረውም።

በ1967 በግሪክ አገር የጦር መኰንኖች ሥልጣን በያዙ ጊዜ፥ ዴንማርክ፥ ኖርዌይ፥ ስዊድንና ሆላንድ በአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሲዮን ዘንድ ክስ አቀረቡ። ኮሚሲዮኑ መርምሮ እስረኞች መሠቃየታቸውን አረጋገጠ፤ ግሪክም በ1969 ከአውሮፓ ምክር ቤት ወጣች። ፍርዱ መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን «ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ሆነ፤ የተገረፈው አስቀድሞ ተገርፎአል።

እንዲህ ያለውን ጉድለት ለመሙላት የተነሡት ዣን ዣክ ጎቲዬ የተባሉ የጄኔቭ ሰው ናቸው። ሙያቸው የባንክ ሥራ ነበር። ቀይ መስቀል የጦር ምርኮኞችን እየጐበኘ የሚሠራውን ተመልክተው፥ በሰላም ጊዜም ማናቸውም እስር ቤት ለጐብኚ ይከፈት ሲሉ አሳሰቡ፤ ለዚህም በ1977 አንድ ኮሚቴ አቋቋሙ። የወህኒውን በር ለባዕድ የሚከፍት መንግሥት የትኛው ነው? ቢባል አያስደንቅም። አሳቡ ግን በ1987 የአውሮፓ ስምምነት ሆነ፤ ጎቲዬ በ1986 ስላረፉ ይህን አላዩም።

በስምምነቱ መሠረት ጐብኚዎቹ በፈለጉት ሰዓት ወደ ፈለጉት እስር ቤት ይገባሉ፤ እስረኛውንም ያለ ዘበኛ ለብቻው ያነጋግራሉ። ያዩትን በምስጢር ለመንግሥቱ ይነግራሉ፤ መንግሥቱ ለማረም እንቢ ያለ እንደ ሆነ ግን ለሕዝብ ይገልጣሉ። ይህ መጀመሪያ የደረሰው በ1992 በቱርክ አገር ነው። በአንካራ የፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት፥ የምርመራ ክፍል የሚል ምልክት ባለበት ቤት ውስጥ፥ ስምንት ጠፍር ያለው ዝቅተኛ አልጋ ተገኘ። እስረኞች «በኤሌክትሪክ ስንሠቃይ የታሰርንበት» እያሉ የነገሩአቸው ዓይነት አልጋ ነበር። ስለ ምን በዚያ እንደ ተቀመጠ ሲጠየቅ የሚታመን መልስ የሰጠ አልተገኘም። የሚገቡበት ሰዓት አስቀድሞ ታውቆ ቢሆን ኖሮ፥ አልጋው በዚያ ክፍል ይቈያቸው ነበርን?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ማሠቃየትን የሚከለክል ስምምነት በ1984 አጽድቆ ነበር፤ አገራችን ኢትዮጵያም በ1994 ገብታበታለች። የጉብኝቱን ሥርዓት ግን በተጨማሪ ሰነድ ያወጣው በ2002 ነው። የአንካራውን አልጋ ያገኙት ከውጭ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ በዚህ ሰነድ ግን የተቀበለው አገር ሁሉ በገዛ አገሩ ውስጥ ጐብኚዎችን ማቆም አለበት።