ጥግ ይዞ የሚያዳምጥ፦ የፊልም ኮሜዲ ፖድካስት እንደ ጨዋታ

አማርኛ «ጨዋታ» በሚል አንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። የልጆች ድብብቆሽ ጨዋታ ነው፤ አዋቂዎች ቡና ላይ ተቀምጠው የሚያወጉትም ጨዋታ ነው። ጨዋታ አዋቂ የምንለውም ብዙ የሚናገረውን ሰው አይደለም። ነገር ሲጣልለት አንስቶ የሚመልስ፣ ሌላው የተናገረውን የሚያደምቅ፣ ዝም ያለውንም ወደ ወጉ የሚያስገባ ሰው ነው። ላለፉት ሃያ ዓመታት በአሜሪካ የተስፋፋውን፣ ጓደኛሞች ተሰብስበው ስለ ፊልም እየተሳሳቁ የሚያወሩበትን የኮሜዲ ፖድካስት ለመረዳት ከዚህ ቃል የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

የመገናኛ ብዙኃን ጥናት ግን ዘርፉን ብዙ ጊዜ የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ዶናልድ ሆርተን እና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የራዲዮና የቴሌቪዥን ተከታታይ ከአቅራቢው ጋር የሚተዋወቅ ያህል እንደሚሰማው፣ አቅራቢው ግን ማን እንደሚያየው እንደማያውቅ አስረዱ። አንዱ ወገን ብቻ የሚያውቀው ዝምድና መሆኑ ነው። ሁለቱ አጥኚዎች ነገሩን እንደ በሽታ አልቆጠሩትም። ሐሳቡን ወደ ፖድካስት ያመጡት ብዙዎች ግን ይህን ጥንቃቄ ጥለውታል። አድማጩን ጓደኛ ያጣ፣ በጆሮ ማዳመጫ የሰው ጓደኝነት የሚበደር ምስኪን አድርገው ይሥሉታል። ይህ ሥዕል የተሳሳተ ይመስለኛል።

ስህተቱን ለማየት ከዘርፉ መነሻ እንጀምር። ዘርፉ የተወለደው ከሁለት ነገሮች መገጣጠም ነው። አንደኛው ቴክኒካዊ ነው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በሰኔ 2005 ፖድካስትን አይቲውንስ በተባለው የሙዚቃ ፕሮግራሙ ውስጥ ካካተተ በኋላ ማንም ሰው የራዲዮ ጣቢያ ሳያስፈቅድ፣ የአየር ሰዓትም ሳይገድበው ድምፁን ለብዙ ሰው ማድረስ ቀለለው። ሁለተኛው ከሲኒማ ቤት ሲወጣ የሚደረገው የቆየ ወግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው «ዘ ፍሎፕ ሃውስ» በአሁኑ ቅርጹ ዳን ማኮይ፣ ስቱዋርት ዌሊንግተን እና ኤሊየት ኬለን የተባሉ ሦስት ጓደኛሞች የከሸፈ ፊልም አብረው አይተው የሚጫወቱበት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 የጀመረውን «ሃው ዲድ ዚስ ጌት ሜድ?» የሚያቀርቡት ደግሞ ፖል ሺር፣ ባለቤቱ ጁን ዳያን ራፊየል እና ጓደኛቸው ጄሰን ማንዙካስ ናቸው። የዚህኛው መነሻ ራሱ ጨዋታ ነበር፤ ባልና ሚስቱ የ«ዎል ስትሪት»ን ተከታይ ፊልም አይተው ከጓደኛቸው ጋር ሲያወሩ ነው ሐሳቡ የመጣው። ስሙም ጥያቄ ነው፦ ይህ ፊልም እንዴት ሊሠራ ቻለ?

አንድ የ«ፍሎፕ ሃውስ» ክፍል ቀረብ ብለን እንስማ። አብዛኛውን ጊዜ ኬለን የፊልሙን ታሪክ ከመጀመሪያው ይተርካል። ሁለት ትዕይንት ሳይሄድ ዌሊንግተን አንድ ነገር ይጠይቃል። ጥያቄው ቀልድ ይወልዳል፣ ቀልዱ በሌላ ይደረባል፣ ትረካው ይቆማል። ማኮይ ወደ ጉዳዩ ሊመልሳቸው ይሞክራል፤ ሳይሳካለት ሲቀር እሱም አብሮ ይስቃል። የአድማጮች ደብዳቤ ከመነበቡ በፊት ኬለን በዚያው ቅጽበት የፈጠረውን ዘፈን ያዜማል፤ ያረዝመዋል፤ ሌሎቹ እንዲያቆም ይለምኑታል። ይህን ሁሉ የራዲዮ አርታኢ ቢያገኘው ቆርጦ ይጥለዋል። ነገር ግን መቋረጡ፣ መመለሱና እንደገና መቋረጡ ነው ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው። ቡና ላይስ የተጀመረ ታሪክ ሳይቋረጥ ያለቀበት ቀን አለ?

ሳቁ ከሂስ የራቀ አይደለም፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። «ፍሎፕ ሃውስ» በየክፍሉ መጨረሻ ላይ ፍርድ ይሰጣል። ፊልሙ መጥፎነቱ የሚያዝናና መጥፎ ነው? መጥፎ ብቻ ነው? ወይስ በመጠኑ ወደዱት? ይህች ሦስት መደብ ያላት ሚዛን ኮከብ ከመስጠት የበለጠ ሥራ ትሠራለች። አንድ ኮከብ ወይም አራት ኮከብ ስለ ፊልሙ ጥራት ብቻ ይናገራል። ይህች ሚዛን ግን በፊልሙና በተመልካቹ መካከል ምን እንደተፈጠረ ትጠይቃለች። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ1964 «ካምፕ» ስለሚባለው የተጋነነን ነገር የሚወድ ጣዕም ስትጽፍ፣ ከልቡ ታስቦ ሳይሳካ የቀረ ሥራ የራሱ ውበት እንዳለው አሳይታ ነበር። ጓደኛሞቹ ያንን ሐሳብ በየክፍሉ በተግባር ይፈትኑታል። አብዝተው የሚወዱት ሠሪው ከልቡ የደከመበትን ውድቀት ነው፤ የሚያስቆጣቸው ደግሞ ስንፍና ነው። ይህም ፌዝን ከሂስ የሚለየውን መስመር በግልጽ ያሳያል።

«ሃው ዲድ ዚስ ጌት ሜድ?» ላይ ሺር ያንኑ የተሳቀበትን ፊልም አምስት ኮከብ የሰጡ የአማዞን ደንበኞችን አስተያየት ያነባል። ሰዓቱን ሙሉ ሲሳቅበት የቆየው ፊልም አንዲት ሴት ከእናቷ ጋር ደጋግማ የምታየው፣ ከልቧ የምትወደው ሊሆን ይችላል። «ድሮፕ ዴድ ፍሬድ» ስለተባለው እ.ኤ.አ. የ1991 ፊልም በተወያዩበት ክፍል ደግሞ አቅራቢዎቹ ራሳቸው ለሁለት ተከፈሉ፤ ፊልሙን የወደዱት «ቲም ፍሬድ»፣ የጠሉት «ቲም ሳኒቲ» ተባሉ። ጓደኝነቱ እንዳለ ሆኖ ክርክሩ የምር ነበር። አድማጮችም ስሞቹን ወስደው የየራሳቸውን ጎራ መረጡ። ሳይጣሉ መለያየትን በዚህ መልክ የሚያስተምር መድረክ ብዙ የለም።

ወደ አድማጩ ልመለስ። በእኛ ቤት ቡና ሲፈላ ልጅ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ስኒ ያቀብላል፣ ፈንዲሻ ያዞራል፣ በትልቅ ሰው ወሬ መሀል ግን አይገባም። ተናጋሪዎቹ ለእሱ ብለው አያወሩም፤ አንዳንዴም መኖሩን ይረሱታል። ይህን ልጅ ግን ማንም «የአንድ ወገን ዝምድና ሰለባ» አይለውም። እየሰማ ምን እንደሚያስቅ፣ የት ላይ ዝም እንደሚባል፣ ሰው ሳይቀየም እንዴት እንደሚነካ ይማራል። አንድ ቀን ከእኩዮቹ ጋር ሲያወራ የአክስቱ አነጋገር ከአፉ ይወጣል። የፊልም ፖድካስት አድማጭም እንዲሁ ነው። ጓደኛ ሊበደር ሳይሆን የማየትና የማውራት ልማድ ሊቀስም ተቀምጧል። በዝምታ መስማትን እንደ ጉድለት ብቻ የሚያይ ንድፈ ሐሳብ ይህን ትምህርት አያገኘውም። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ላይ መዓዛ ብሩ እንግዶቿን በረጅሙ የምታናግርበትን ዝግጅት «የጨዋታ እንግዳ» ብላ መጥራቷ እንዲያው የመጣ አይመስለኝም። ቃሉ ራሱ አድማጩን ጨምሮ ያስቀምጣል፤ ጨዋታ ባለበት ዙሪያውን የተቀመጠ ሰው አለና።

ምሳሌው የማይሸፍነው ነገር እንዳለ አምናለሁ። የቡናው ጥግ ልጅ አድጎ ተናጋሪ ይሆናል፤ የፖድካስት አድማጭ ግን ለዓመታት ጥጉ ላይ ሊቀር ይችላል። ደብዳቤ ማንበቡ፣ ስህተት የሚያርሙ አድማጮች ድምፅ የሚያገኙበት ጊዜ፣ በአዳራሽ ተመልካች ፊት የሚቀረጹት ክፍሎች ይህን ክፍተት በጥቂቱ ያጠቡታል እንጂ አይዘጉትም። በሌላ በኩል፣ ጓደኝነቱ እንጀራ ሲሆን ጓደኛሞቹ ላይ የሚጭነው ሸክም አለ። ደስ ባይላቸውም፣ ቢኳረፉም፣ በቀጠሮው ቀን ማይክሮፎን ፊት ተቀምጠው መሳቅ አለባቸው። ስለ አድማጩ ብቸኝነት የተጻፈውን ያህል ስለዚህ ድካም ቢጻፍ መልካም ነበር። «ፍሎፕ ሃውስ»ን የሚያሰራጨው «ማክሲመም ፈን» እ.ኤ.አ. በ2023 በሠራተኞቹ ባለቤትነት ወደሚተዳደር የኅብረት ሥራ ማኅበር መለወጡም፣ ከሳቁ ጀርባ የሥራና የባለቤትነት ጥያቄ እንዳለ ያስታውሰናል።

አንድ ልማዳቸው ግን ከሁሉ በላይ ይማርከኛል። የ«ፍሎፕ ሃውስ» ጓደኛሞች በአንድ የከሸፈ ፊልም ላይ ሰዓቱን ሙሉ ሲስቁ ከቆዩ በኋላ፣ ከመሰነባበታቸው በፊት እያንዳንዳቸው ከልባቸው የወደዱትን አንድ ፊልም ይጠቁማሉ። ድምፃቸው እዚያ ላይ ይለወጣል፤ ይረጋል፤ የሚያቋርጥም ይቀንሳል። አድማጩ ርዕሱን ይጽፍና ማታ ብቻውን ተቀምጦ ፊልሙን ይከፍታል። ሲያይም የትኛው ትዕይንት ላይ ኬለን ትረካውን እንደሚያቆም፣ ዌሊንግተንም ምን ብሎ እንደሚጠይቅ እያሰበ ነው።