ከደምበጫ እስከ ነነዌ

ደምበጫ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ፣ ከዘለቀ አራተኛው ጉባኤ መጻሕፍተ መነኮሳት ነው፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። ፈረንጅ «ሚስቲሲዝም» የሚለው ማለት ነው።

ማር ይስሐቅ ዛሬ ኳታር በምንለው አካባቢ ተወልዶ፣ እ.ኤ.አ. በ7ኛው ክፍለ ዘመን የነነዌ ጳጳስ ተደርጎ፣ ከወራት በኋላ ሹመቱን ጥሎ ተራራ የወጣ መናኝ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እኛ «ንስጥሮሳዊት» ብለን የምናወግዛት ናት! መጽሐፉ ግን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ ሊቃውንቱም አንድምታ ሠሩለት።

የቤተ እስራኤል ትውፊትም ምንኩስናቸውን ያስጀመረው አባ ሳብራ ክርስቲያን መነኩሴ ነበር ይላል። የወሎ ሱፊዎች መንዙማ በአማርኛም ይዜማል።

ዛሬ በየሚዲያው «ይሄ የነእገሌ ነው» እያለ መጽሐፍ የሚያስጥለን ሰባኪ፣ ማር ይስሐቅን ምን ሊያደርገው ነው?