ቍጥር ያገኘ፣ ቦታ ያጣ፦ የዜማ ምልክት በኮምፒዩተር ጽሕፈት



ከጉና ግርጌ ተቀምጠን ስለ ዜማ ጽሕፈት ለመነጋገር ርቆ መሄድ አያሻንም። የድጓው ምስክር ቤት ቤተልሔም፣ የዝማሬና መዋሥዕቱ ዙር አምባ፣ ሁለቱም በደቡብ ጎንደር ናቸው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚነበበውን ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ትውፊቱ ይናገራል።

የምዕራቡ ኖታ የድምፅን ከፍታ ይለካል፤ ከግማሽ ቶን ለሚያንሰውም የሩብ ቶን ምልክት አበጅቷል። የእኛ ምልክት ግን የድምፁን አካሄድ ያመለክታል፦ ድፋት ወደ ታች ይደፋል፣ ቅናት ወደ ላይ ያቀናል፣ ርክርክ ያርገበግባል፣ ቁርጥ ይቆርጣል። የእርምጃው ስፋት የሚገኘው ከመምህሩ አፍ ነው። ስለዚህ ምልክቱ በየትኛው ፊደል ራስ ላይ እንደ ተቀመጠ ማወቅ የንባቡ መሠረት ነው።

ዩኒኮድ የሩብ ቶን ምልክቶችን በ2001 እ.ኤ.አ. ተቀበለ፤ በ2005 ደግሞ ከይዘት እስከ ቁርጥ ስምንቱን የዜማ ምልክቶች ከሁለት ተጨማሪ ቅርጾች ጋር መዘገበ። ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የተመዘገቡት በፊደል ራስ ላይ እንደሚያርፉ ጭረቶች ሳይሆን የራሳቸውን ስፍራ እንደሚይዙ ምልክቶች ነው። ከፊደል በላይ የሚያወጣቸው የገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ብቻ ነው።

ከተማሪዎቼ አንዱ አንድ የድጓ መስመር ተይቦ ላከልኝ። በእርሱ ኮምፒዩተር ያማረው ገጽ በእኔ ላይ ባዶ ሳጥን ሆነ። ቅርጸ ፊደሉን ከጫንሁ በኋላም ድፋቱ ከፊደሉ ራስ ወርዶ፣ በሁለት ፊደላት መካከል ገብቶ ቃሉን ሰንጥቆታል።

ሌላም አለ። የታወቀ ዜማን ለማስታወስ ከመስመሩ በላይ የሚጻፉት ደቃቃ ፊደላት ለኮምፒዩተር ተራ ፊደላት ናቸው። ወደ መስመሩ ሲወርዱ ከቃሉ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ከዚያ በኋላ ቃሉን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

የብራና ገጽን ፎቶግራፍ ማንሳት ይህን ችግር አይፈታም፤ ፎቶግራፍ አይፈለግም፣ አይነጻጸርምና። ስለዚህ በዚህ ፋኩልቲ ድጓን የምትተይቡ ሁሉ ንባቡን ለብቻው፣ ምልክቱንም የሚያርፍበትን ፊደል ጠቅሳችሁ ለብቻው መዝግቡ፤ የመምህሩን ድምፅም አያይዙ። ጸሐፊው በብራና ላይ በዓይኑ ለክቶ ያኖረውን ቦታ እኛ በጽሑፍ ካልገለጽነው፣ ለቀጣዩ ትውልድ የምናስረክበው የምልክት ዝርዝር እንጂ ዜማ አይሆንም።