የገና ቺዝኬክ ባር

የገና ቺዝኬክ ባር በሰሜን አሜሪካ ለፈረንጆች ገና በሰፊ ትሪ ተጋግሮ በአራት ማዕዘን እየተቆረጠ የሚቀርብ ጣፋጭ ነው። ከክቡ ቺዝኬክ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበስላል፤ በእጅ ስለሚበላም እንግዳ ለበዛበት ቤት ይመቻል። ታችኛው ንጣፍ ተፈጭቶ በቀለጠ ቅቤ የታሸ ብስኩት ሲሆን፣ ለበዓሉ የዝንጅብል ብስኩት ይመረጣል። በላዩ በስኳር፣ በእንቁላልና በቫኒላ የተመታ ክሪም ቺዝ ይፈስበታል። «ፊላደልፊያ» የተሰኘው ታዋቂ ክሪም ቺዝ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ የተሠራው ግን ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ነበር።

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በችኮላ ነው። ክሪም ቺዙ ከፍሪጅ እንደወጣ ከተመታ ይጓጉላል። እንቁላሉ ከገባ በኋላ ብዙ ከተመታ ደግሞ አየር ይዞ ኦቨን ውስጥ ያብጥና ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጋገራል፤ ጠርዙ ረግቶ መሃሉ ግን ትሪው ሲነቀነቅ ገና የሚርገበገብ ከሆነ መውጫው ደርሷል፤ የቀረው በራሱ ሙቀት ይረጋል። ለጥቂት ሰዓታት ፍሪጅ ውስጥ ከቆየ በኋላ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ እየተነከረ በሚጠረግ ቢላ ይቆረጣል።

ለማስጌጫ ክራንቤሪ ወይም የተሰባበረ ቀይና ነጭ የናና ከረሜላ ይነሰነስበታል። ከረሜላው ከማዕድ በፊት ብዙ ከቆየ እርጥበት ስቦ ቀዩን ቀለም ይለቃል።

ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ስላለበት፣ በአሜሪካ የሚኖሩ ጾመኛ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናን ዲሴምበር 25 ቀን አይቀምሱትም፤ ጾመ ነቢያት የሚፈታው ጃንዋሪ 7 ነው።